የታሰረው የላስቲክ በሬ ይፈታልኝ

ለቀበሌያችን ማኅበር ሊቀመንበር ለጓድ ደምሴ
ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፤

እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከጧት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ለሚሠራው ማኅተምዎ ጤናን እመኛለሁ። እኔ አምና አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ ተመርቄ፣ በተወለድሁባት ከተማ መምህርት ሆኜ የተመደብሁት ትርንጎ ማሩ ነኝ። እርስዎ ግን በስሜ ሳይሆን «ያቺ የቆሻሻ ሠዓሊ» በሚል ማዕረግ እንደሚያውቁኝ ሰምቻለሁ፤ ማዕረግ ሲሰጡት እምቢ ማለት ነውር ነውና በደስታ ተቀብያለሁ።

ይህን ደብዳቤ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ለድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ሦስት ቀን ቢሮዎ ተመላልሼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልሁ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባለፈው ቅዳሜ የታሰረው በሬዬ ለፊታችን ቅዳሜ ገበያ ይፈታልኝ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው እርሻው ላይ ይከርማል፤ ከብቱም ከገበያው በታች ያለውን ቆሻሻ ሲግጥ ይከርማል፤ እኔም የሚያየኝ አላገኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሚያዝያ ላይ ዳልቻ የሚባለው የአቶ አያሌው የእርሻ በሬ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ሲበለት ከጨጓራው የሰው ራስ የሚያህል የላስቲክ ድብልብል ወጣ፤ የማዳበሪያ ላስቲክ፣ የጨው ላስቲክ፣ የስኳር ላስቲክ። አቶ አያሌው «እኔ እኮ ሣር የሚበላ መስሎኝ» አሉ። ዘንድሮ በቀራቸው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳሉ። እኔም ከየመንገዱ ላስቲክ ለቅሜ፣ በባሕር ዛፍና በሽቦ አቁሜ፣ እውነተኛ በሬ የሚያህል በሬ ሰፋሁ፤ ሆዱን ክፍት ትቼ ያንን ድብልብል አንጠለጠልሁበት፤ አንገቱ ላይም «ላስቲክ ይውደም!» የሚል ጽሑፍ አስሬ ባለፈው ቅዳሜ ገበያው መሐል አቆምሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ላደረጉልኝ ሁሉ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ስለ ሰልፉ አመሰግናለሁ። አራት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በሬዬን ተሸክመው ከገበያው እስከ ቀበሌው ሲወስዱት ሕዝቡ ሠርግ መስሎት ግልብጥ ብሎ ተከተለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንድ ሽማግሌማ «የማን ጥሎሽ ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ብቻዬን ብደክም ይህን ያህል ተመልካች በአሥር ዓመትም አላገኝ።

2ኛ/ ስለ ደረሰኙ አመሰግናለሁ። በሬዬ የታሰረበት የቀበሌው መጋዘን ጓድ «በሬ፣ አንድ፤ መልኩ ልዩ ልዩ፤ ቀለብ አይፈልግም» ብለው ጽፈው ማኅተም መትተውበታል። መምህሮቼ እንኳ ስለ ሥራዬ እንዲህ ያማረ አስተያየት ጽፈውልኝ አያውቁም። በሩ አላስገባ ብሎ አንድ ቀንዱ መሰበሩን ደረሰኙ አያነሣም፤ ምናልባት ሲወለድ ጀምሮ ባለ አንድ ቀንድ ነበር ተብሎ ይሆናል።

3ኛ/ ከሁሉም በላይ የማመሰግንዎ ስለ ሰጡኝ ትምህርት ነው። የዚያን ዕለት «የአብዮቱ ጠላቶች ሦስት ናቸው፤ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም። ‹ይውደም› የሚባለው ለእነሱ ነው። አንቺን አራተኛ ጨምሪ ያለሽ ማነው?» ብለው ገሠጹኝ። እውነትዎን ነው፤ የበላይ አካል ሳላስፈቅድ ጠላት ጨምሬአለሁ። ላስቲክ የላብ አደሩ የእጅ ሥራ ስለሆነ «ላስቲክ ይታረም» ብል እንደሚሻለኝም መከሩኝ። ምክርዎን አክብሬ፣ አምና ክረምት ሲገባ ይበሰብስ እንደሆነ ልይ ብዬ ጓሮ የቀበርሁትን ላስቲክ ቆፍሬ አወጣሁና ሂስና ግለ ሂስ እንዲያደርግ ዕድል ሰጠሁት። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ከመሬት በታች ተቀምጦ አንዲት ስሕተቱን አላመነም፤ ቀይ ጽሑፉ እንኳ አልደበዘዘም። እኔ አቅቶኛል፤ ከፈቀዱ ለሚቀጥለው ጥናት ክበብ ልላክልዎ።

አራተኛ ልል ነበር፤ ነገር ግን ይኸኛው ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለባለ ሱቋ ለወይዘሮ ዙበይዳ የሚገባ ነው። በሬውን ባዩ ማግስት ጨውና ስኳር በወረቀት መጠቅለል ጀምረዋል፤ ላስቲክ የምትጠይቃቸውን ሁሉ «ዘንቢልሽን ይዘሽ ነይ ልጄ፤ በስተርጅና በሬ ገዳይ አታድርጊኝ» እያሉ ይመልሳሉ። እሳቸው አንድ ሱቅ ናቸው። በሬዬ ቅዳሜ ገበያው መሐል ቢቆም ግን ከአንበሳሜ፣ ከይፋግም የመጣ ነጋዴ ያየዋል፤ በሬ ያለው ሁሉም ቆም ብሎ ሆዱን ያያል።

ስለዚህ እንስማማ፣ ጓድ ሊቀመንበር። «ይውደም»ን አነሣለሁ፤ «ይታረም»ንም አልጽፍም። በሬው አንገቱ ላይ አንዲት ፊደል ሳይንጠለጠል፣ ሆዱን ከፍቶ ዝም ብሎ ይቁም። መሠረተ ትምህርት ያልጨረሰ ገበሬ እንኳ የከብት ሆድ ማንበብ አያቅተውም። ይህን ለማጽደቅ ስብሰባ የሚያስፈልግ ከሆነም፣ ስብሰባው እባክዎ ከዓርብ አይለፍ።

ለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ፣ ላላደረጉልኝ ደግሞ ወደፊት ተመቻችቼ እንደማመሰግን ቃል እየገባሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታና ሽቦ ከቧጨራቸው አሥር ጣቶቼ ጋር፣

ትርንጎ ማሩ
የሥዕል መምህርት፣ የአንድ እስረኛ በሬ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስመጣ በመጋዘኑ በኩል አለፍሁ። በሬዬ ከክፍሉ ስለሚረዝም ጅራቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ ማለትም ተንጠልጥሎ ነበር። አንዲት ቀይ ላም አንድ ክንድ ያህሉን ውጣ ቀሪውን ስታላምጥ ደረስሁ። የማን ናት ብዬ ብጠይቅ «የጓድ ሊቀመንበር ናት» አሉኝ። ከአፏ የቀረውን ታግዬ አስጥያታለሁ፤ አቶ አያሌውም ወደ ቤትዎ እየነዷት ነው፤ የሕመሙን ምልክት ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ እንደ ፈቀደዎ ያንብቡት፤ ይህችን ግን ያለ ቀልድ ጻፍኋት፦ ከስብሰባው ይውጡና የከብት ሐኪሙን ያስጠሩ።