ያረጀውን የሚቀሰቅስ ስኳር

አብሮ አደጌ፣

የእህቴ ልጅ ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ ዛሬ ይዛኝ ገባች። በትንሽ ብልቃጥ ነጭ ዱቄት አሳየችኝ፤ ከክትባት ጋር የሚቀላቀል የስኳር ዘመድ ነው።

«አክስቴ፣ ያረጀ ሰውነት ክትባቱን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል፤ ይሄ ግን ጆሮውን ይዞ ይቀሰቅሰዋል» አለችኝ።

«እኛ ቤት ስኳር የሚቀሰቅሰው ጉንዳን ነው» ብላት ሳቀች።

እኔ ግን ሟች ወንድምሽን አሰብኩ። ተከትቦም አልዳነም ብለሽ መርፌን እርም ብለሻል። ምናልባት የደከመው ሰውነቱ ነበር እንጂ መርፌው አልከዳውም። የእሷ ዱቄት ገና በሙከራ ላይ ነው፤ እስኪደርስልን ድረስ ያለውን ተከተቢ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ። «ኮስታሬ» ብሎ የሚጠራኝ ካንቺ ሌላ ማን ቀረኝ?