ከድረ ገጹ የጠፋው የአባባ መንዙማ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ፈትያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? ባለቤትሽ ሐሩን፣ ልጅሽ ሸይማ ደህና ናቸው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ሁለቴ ደውዬልሽ ስለ ብርዱ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

እማዬ ሐሙስ ሐሙስ በሸይማ ስልክ የምትሰማው የአባባ፣ አላህ ይማረውና፣ መንዙማ ያለበት ድረ ገጽ ተሰብሯል። ሸይማ የቁማር ማስታወቂያ ይመጣብኛል ያለችሽ በዚህ ምክንያት ነው። ሰብሮ የገባው ሰው አሥራ አንዱንም የአባባን የድምፅ ቅጂ አጥፍቶ የራሱን የቁማር ገበያ ዘርግቶበታል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ድምፁን የሚያጫውተው ፕለጊን የሚሉት፣ ድረ ገጹ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሚሸጠው በዶላር ነው፤ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ስለሌለን ቢሮ ውስጥ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ፤ የተሰረቀ ኮፒ ከጓደኛ በፍላሽ ተቀበልኩ። ሠሪዎቹ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ከእነሱ ለገዛ ሰው መድፈኛ ማደሻ ይልካሉ፤ ለእኔ ማን ይላክልኝ? የሥራ ባልደረባዬ ረሆቦት ይሄን ነገር አውጣና ነጻውን ተጠቀም ብላኝ ነበር። ነገ፣ ነገ ስል ዓመት አለፈ። መጠባበቂያ ቅጂውንም እዚያው ስላስቀመጥኩት አብሮ ሄደ። ስንፍና ነው እትዬ፣ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ከረሆቦት ጋር ሁሉንም ጠርገን አወጣን። የይለፍ ቃሎቹን ቀየርን፣ የማያስፈልጉትን ፕለጊኖች አስወገድን፣ የቀሩትን አደስን፤ መጠባበቂያውንም በየሳምንቱ ሌላ ቦታ እናስቀምጣለን። ምን ዋጋ አለው፣ ባዶ ቤት ቆልፌ ተቀምጫለሁ። የአባባ ድምፅ የተቀዳባቸውን ካሴቶችም ከእንግዲህ ምን ያደርጋሉ ብዬ ያስጣልኩሽ እኔው ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ተርፏል። መንዙማው ከመጀመሩ በፊት ያለውን፣ አይረባም ብዬ የቆረጥኩትን ቁራጭ አሮጌው ስልኬ ላይ አገኘሁት። አባባ ጉሮሮውን ይጠርግና ፈትያ፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ ይልሻል። ሌላ የለውም። በሜሞሪ ካርድ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በኮምቦልቻው ሾፌር በሰይድ እጅ ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ ብቻሽን ስሚው።

ሐሩንን ሰላም በይልኝ። ሸይማን ሳሚልኝና ስልኩን ያበላሸሽው አንቺ አይደለሽም በያት። ለእማዬ ሰላምታ አልጻፍኩም። እውነቱን ንገሪያት፤ ከዚያ በኋላ ስልኬን ካነሳችልኝ እኔው ሰላም እላታለሁ።

ወንድምሽ ሃይደር
አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ ኢምፔሪያል
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.