ስለ አራቱ ቦቴዎች መታገድ፣ ስለ አንዱም ሹፌር ባስቸኳይ መሄድ

ካርቱም፣ ግንቦት 1998 ዓ.ም.

ለክቡር የታገዱ ተሽከርካሪዎች ግቢ ሙዲር (ኃላፊ)
ሶባ

ክቡር ሙዲር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ ቀጥሎም ያለ እርሱ የእርስዎ ጤንነት የማይታሰበውን የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ። ይህን ሙቀትና ይህን አቧራ አላህ ሁለታችሁንም በሰላም ያሻግራችሁ።

በዐረብኛ ያቀረብኳቸው አቤቱታዎች ሁሉ «ቡክራ፣ ነገ ና፣ ኢንሻላህ» በሚል መልስ ስለተከበሩልኝ፣ ይህን በአማርኛ ጽፌ ዐማራት ሰፈር በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ክበባችን ግድግዳ ላይ ብለጥፈው በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። አማርኛ የሚያነብልዎ አያጡም፤ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ባለው ቤትዎ ሻይዎን የምታፈላው፣ ሸሚዝዎን የምትተኩሰው ጦይባ አለች። ጦይባ፣ እባክሽ ስታነቢላቸው ረጋ ብለሽ፣ በተለይ ሦስተኛውን ነጥብ ሳትዘዪ አንብቢ።

ጉዳዩ የታወቀ ነው። ባለፈው ወር አንድ የኢትዮጵያ የጭነት መኪና የግቢዎን አጥር ገጭቶ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ መተማ ገባ። እርስዎም ስለ አጥሩ አንዳች የማያውቁ አራት የኢትዮጵያ መንግሥት ቦቴዎች ቤንዚን ጭነው ወደ ጎንደር ሲያልፉ አግኝተው፣ ከነሹፌሮቻቸው አገዷቸው። በወላጆቼ አገር ይህ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል፤ በእርስዎ ቢሮ ግን «አሠራር» እንደሚባል ተረድቻለሁ። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ስለ ሕጉ። በዚሁ ከተማ በተማርኩት ሕግ መሠረት፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል የአንድ መንግሥት ንብረት፣ ሌላ የዚያው አገር ሰው ባጠፋው ጥፋት መያዣ አይሆንም፤ የሰሌዳ ዝምድና የደም ዝምድና አይደለምና። እንዲህ ባይሆን ኖሮ፣ አንድ ሱዳናዊ ጎንደር ላይ ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር የእርስዎን ላንድክሩዘር መውሰድ በተፈቀደልን ነበር። ይህን የመሰለ ሰፊ በር ስለከፈቱልን እናመሰግናለን።

2ኛ. ስለ ክብር። ስለ ቦቴዎቹ ደኅንነት ሁለት መንግሥታት ይጻጻፋሉ፤ በፀሐይ እንዳይግሉም ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭባቸዋል። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተመርቄ፣ በኮሪደርዎ ስጠብቅ ስከርም አንድ ጭልፋ የረጨብኝ የለም። ቅናት ነው ካሉኝ፣ አዎን፣ በቦቴ እቀናለሁ። የፊተኛውን ቦቴ ሹፌር ኑርሁሴንንማ አያንሱብኝ! ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ መሪ የጨበጠውን ሰው፣ ዘበኛዎ የገመድ አልጋውን፣ አንገረቡን አውጥቶ በጥላ እያስተኛ «ያ ኡስታዝ» ይለዋል፤ ዲግሪዬን ይዤ በር ላይ የቆምኩትን እኔን ግን «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ዞር በል» ይለኛል።

3ኛ. ስለ ምሳ። እኛ ዘንድ ሰው ሲታሰር ወይም ሲታገድ፣ በየቤቱ የሚሠሩት የወሎ እህቶቻችን ዓርብ ዓርብ በተራ ስንቅ ያደርሱለታል፤ ተራውን የሚያወጡት እትዬ ሙሚና ናቸው። ጦይባ አንድ ዓርብ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ ያለው ዓርብ ሁሉ እንዴት የእርሷ እንደሆነ ግን እትዬ ሙሚና ራሳቸውም አላወቁም፤ ለአንዷ ልብስ እያጠበች፣ ለሌላዋ ፀጉር እየሠራች ተራ ትለምናለች አሉ። በዚያ ሐሩር ከሐፍላ ሐፍላ፣ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየቀያየረች፣ ሳህኗን ታቅፋ ከሪያድ ሶባ ትወርዳለች። ወጡ የሚሠራበት ቅቤ ደግሞ ኑርሁሴን ከመቀመጫው ሥር ያወጣው የኮምቦልቻ ቅቤ ነው። የዐረብኛ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ብስኩት ብቻ ነው፤ እሱም የረጠበ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ ወደ ግቢዎ የወሰድኳት እኔው መሆኔ ነው። ሹፌሮቹ የእገዳውን ወረቀት አንብብልን ቢሉኝ፣ የሕግ ዐረብኛዬን ትስማልኝ ብዬ አስከትያት ሄድኩ። ገና ስለ መንግሥታት ሉዓላዊነት ስጀምር፣ ኑርሁሴን ከአንገረቡ ሳይነሳ «እቱ፣ እስቲ ለዚህ ልጅ ውሃ ስጪው፤ ሕጉ ጉሮሮውን አደረቀው» አላት። ሳቀች። ክቡር ሙዲር፣ ያን ሳቅ እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እገዳዎ ያደረሰው ጉዳት በሊትር ብቻ የሚለካ እንዳይመስልዎ። ሹፌር እኮ አላፊ ነበር፤ ጭኖ በነጋታው ይሄድ ነበር፤ ነዋሪ ያደረጉት እርስዎ ነዎት።

4ኛ. ስለ መፍትሔው። ሥራ እንዳላበዛብዎ፣ የመልቀቂያውን ጽሑፍ ራሴ በዐረብኛ አርቅቄ ቀደም ብዬ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ፤ የሚጎድለው ፊርማዎ ብቻ ነው። ማንም ሰበብ ፈልጎ ኑርሁሴንን ለአንዲት ሰዓት እንኳ እንዳያስቀርብን፣ «ቦቴዎቹ፣ ሹፌሮቹ፣ ከእነርሱም ጋር ያለ ሰውና ዕቃ ሁሉ ያለ ተጨማሪ የመውጫ ታሽራ (ቪዛ) ይለፉ» ብዬ ጽፌአለሁ። ረዳቱም ይሂድ፣ ጀሪካኑም ይሂድ፣ ቅቤውም ይሂድ።

የጦይባን ፓስፖርት እንዳይጠፋባት ብለው፣ ከተቀጠረች ጀምሮ በመሳቢያዎ ቆልፈው ስለያዙላት አባታዊ አደራም ምስጋናዬ የተለየ ነው።

የማቀዝቀዣዎ ነፋስ ከበሩ ሥር ሾልኮ እስኪደርሰኝ ድረስ በትዕግሥት የምጠባበቅ፣ አክባሪዎ፣

ረሺድ ሙሄዲን
በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በደጅ ጥናት ከፍተኛ ልምድ ያለው
(ለጊዜው ዐማራት፣ ፎቶኮፒ ቤቱ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወረቀቱን ሙጫ እየቀባሁ ሳለ ዜናው ደረሰኝ። ረቂቄን አንዲት ነጥብ ሳይቀይሩ፣ እንደ ልማድዎም ሳያነቡ ፈርመውበታል፤ በሕይወቴ የተሳካልኝ የመጀመሪያው የሕግ ሥራ ነውና እጅ ነሥቻለሁ። ሮጬ ሶባ ስደርስ የቀረው የጎማ ዱካ ነበር። ዘበኛዎ እንዳወራኝ፣ በፊተኛው ቦቴ ጋቢና አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። የበሩ ፖሊስ የመውጫ ታሽራ ቢጠይቃት፣ ወረቀቱን ከኑርሁሴን እጅ ተቀብላ «ከእነርሱም ጋር ያለ ሰው» በሚለው ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ ልክ እንዳስተማርኳት ፊደል በፊደል አነበበችለት። ፖሊሱም ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፋት።

እንግዲህ ዛሬ ሻይ የሚያፈላልዎም፣ ይህን የሚያነብልዎም የለም፤ እኔው መጥቼ አነብልዎታለሁ። ስመጣ መሳቢያውን ይክፈቱልኝ። ፓስፖርት የሰጪው መንግሥት ንብረት ነው፤ በእጅዎ የታገደው አምስተኛው ቦቴ እሱ ነበር። እኔም እሱ እዚያ እስካለ እርሷ እዚህ ናት ብዬ፣ የማውቀውን ሕግ ሳልጠቅስ ከርሜአለሁ። አሁን ግን ጦይባ እጅ መድረስ አለበት፤ ሠርግ ሳይደገስ ብደርስም አልጠላም። ወደ መተማ የሚሄድ ሌላ ያገዱት ቦቴ ካለ ዛሬውኑ ይልቀቁት፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ያለ ሰው ነኝ።