ከአራተኛው ወንበር አጠገብ ስላለው ቧንቧ

«በባለቤትዎ ደም ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ እጅግ ብርቅ በመሆኑ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል አልነበረም። ናሙናው ለጥናት በላቦራቶሪያችን ማቀዝቀዣ በሕይወት ተጠብቆ ይገኛል።»

ለተከበሩ የኩላሊት እጥበት ክፍል ኃላፊ፣

ከላይ ያለውን ቃል በቃል የገለበጥሁት ከደብዳቤዎ ነው። ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ፤ ኩላሊትዎንም ጭምር። ባለቤቴን በቀበርሁ በሰባተኛው ሳምንት ስለ ገዳይዋ ደኅንነት ስላበሰሩኝ አመሰግናለሁ። ናሙናው በእሷ የካርድ ቁጥር ተመዝግቦ እንደሚኖርም ተረድቻለሁ። ያ ቁጥር ሲጠራ አቤት የምትለው እሷ ነበረች።

1. ባለቤቴ ትታጠብበት በነበረው በአራተኛው ወንበር ከእሷ በፊት ይታጠቡ የነበሩት ጡረተኛ መምህር ይኸው ባክቴሪያ ተገኝቶባቸው ነበር፤ ልጃቸው የላቦራቶሪውን ወረቀት አሳይታኛለች። ብርቅ ነገር አንድ ወንበር ሲለምድ ደንበኛ ይባላል።

2. ባለቤቴ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ስትንቀጠቀጥ፣ አንገቷ ላይ የገባውን ካቴተር እያሳየች፣ «እህቴ፣ ይሄ ቱቦ ነው መሰለኝ» ብላ ለነርሷ ነግራት ነበር። «አይዞሽ እናቴ፣ ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ነው» ተብላ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ተደረበላት። ስለ ብርድ ልብሱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቱቦው የወጣላት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ በማግስቱ አረፈች።

3. እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የቧንቧ ውሃ ስመረምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህ ባክቴሪያ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከወንበሩ አጠገብ ካለው የእጅ መታጠቢያ ቀድቼ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ብመረምር ያንኑ ስም አገኘሁ። በእርግጥ አንድ መሆናቸው የሚታወቀው ግን ማቀዝቀዣዎ ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ናሙናውን ሦስት ጊዜ ጠይቄ «የሆስፒታሉ ንብረት ነው» ተብያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ለአራተኛ ጊዜ ልጠይቅ መጥቼ በበሩ ሳልፍ፣ አራተኛው ወንበር ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ብርድ ልብስ ደርባለች። የላይኛውን፣ ጠርዙ የተተለተለውን፣ አውቀዋለሁ። የጥርሷ ድምፅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

ስለዚህ ቧንቧው እንዲዘጋ፣ የሴትዮዋ ደም ሳይውል ሳያድር እንዲመረመር፣ የቧንቧውና የማቀዝቀዣው ናሙናዎች እንዲነጻጸሩ፣ ምላሹም እስከ ሰኞ ጥር 14 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ተመልሳ ትታጠባለችና።

ለማቀዝቀዣዎ መብራት እንዳይጠፋበት ከልብ የምመኝ፣
የአራተኛው ወንበር የቀድሞ አስታማሚ

ከፊርማ በኋላ፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንገቷን የማብስበትን ፎጣ የማርሰው ከዚያው ቧንቧ ነበር። ውሃ መርማሪው እኔ። ከጥፋቱ የእኔ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እርስዎም የራስዎን ለማወቅ እንደማይፈሩ አምናለሁ። ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት፣ በጽሑፍ።