ሰባት መቶ አምሳ ስምንት ኪሎ ባሕር

መጋቢት 3

«ያቀረቡት ክብደት ግምታዊ ከመሆኑም በላይ፣ በአንድ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ከተፈቀደው 800 ኪሎ ስለሚበልጥ፣ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ለማስገባት ያቀረቡትን ጥያቄ አልተቀበልነውም።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። የሕንፃው አስተዳዳሪ ነው የጻፈው። ማኅተሙ ራሱ ተንጋዷል። 812 ኪሎ ብዬ ነበር ያመለከትኩት። ግምታዊ! ሃያ ስድስት ዓመት የነጋዴ ሚዛን ስመረምር የኖርኩ ሰው... ለአሥር ግራም ብዬ የሥጋ ቤት ሚዛን ያሸግኩ ሰው... ለእኔ ግምታዊ?

ሌላው ነገር እንደ ወትሮው። አራት ሚዛን መረመርኩ፣ አንዱን አሸግኩ።

መጋቢት 4

ሦስት ገጽ ተቃውሞ ጽፌ በእጄ ሰጠሁት። «812 ኪሎ ነው፤ አንድ ግራም አይበልጥም፣ አንድ ግራም አያንስም» ብዬ ፈርሜበታለሁ። የ800 ኪሎው ደንብ ራሱ ፈሪ የጻፈው ነው ብያለሁ... በጨዋ ቋንቋ።

አስተዳዳሪው ገጹን ቆጠረ እንጂ አላነበበም።

«ጋሽ ግራሙ፣ ይቺ ራሷ ስንት ትመዝናለች?»

ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። አሥራ አምስት ግራም ነው የምትመዝነው። አልነገርኩትም።

መጋቢት 6

ለምን ትልቅ ገንዳ? ለራሴም ልመልስ።

አሁን ያለው መቶ ሃያ ሊትር ነው። ኮራሎቹ አድገው ተነካኩ። ሰው አበባ ይመስለዋል እንጂ ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፤ ጎረቤት ሲጠጋው ክር የመሰለ እጁን ዘርግቶ ይለበልበዋል። አረንጓዴው ሐምራዊውን አንድ ጎኑን ለብልቦ አነጣው። ሐምራዊው አውራ ጣቴን ሲያክል ነው ያመጣሁት። ስምንት ዓመት። አሁን የሁለት እጄ መዳፍ አይበቃውም። ካልተራራቁ ሁለት ወር አይቆይም።

ለሌላ ሰው ልስጠው? አልሰጥም።

መጋቢት 9

የአዲሱን ገንዳ ልክ የሳሎኑ ወለል ላይ በቴፕ አሰመርኩ። አንድ ሜትር ተኩል በስልሳ ሴንቲ። ደስታዬን የት ላድርሰው! ሐምራዊው በስተቀኝ ጥግ፣ አረንጓዴው በስተግራ ጥግ፣ መሐል ላይ ዋሻ ያለው ድንጋይ። ዓሦቹ እየዞሩ የሚሯሯጡበት...

ልጄ መጥታ ቴፑ ውስጥ ቆመች። ጉንጯን ነፍታ አፏን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ።

«አባዬ፣ ምግብ!»

ባለቤቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ስታልፍ ቴፑን ዞራ ሄደች። ማንም ሳይነግራት!

«ምነው ዞርሽ?»

«እንዳልረጥብ።»

ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

መጋቢት 10

ዛሬም ሦስታችንም ዞረን አለፍን።

መጋቢት 14

ለአዲሱ ገንዳ የገዛሁትን ድንጋይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳጥብ ዋልኩ። አፉ ድረስ የሞላ ባልዲ ውስጥ አንዱን ብጨምረው ውሃው ገንፍሎ የባለቤቴ ነጠላ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ስትመዝን የኖረች ሴት ናት... ወዮልኝ።

«ይሄ የፈሰሰውስ?»

«የቱ?»

«ድንጋዩ ያስወጣው ውሃ። ስታሰላው ገንዳውን በሙሉ ውሃ ሞልተህ፣ እላዩ ላይ ድንጋዩን ደመርክ?»

«ደመርኩ።»

«አሸዋውንም?»

«አሸዋውንም።»

«አንተ ሰውዬ! አንድ ቦታ ላይ ሁለት ነገር አስቀምጠሃል እኮ።»

ጎንበስ ብዬ ነጠላ ጫማዋን ጠረግኩላት።

መጋቢት 15

ድንጋዩን አንድ በአንድ፣ አሸዋውን በጣሳ በጣሳ፣ ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ጨመርኩ። የፈሰሰውን ሰብስቤ መዘንኩ። አምሳ አራት ኪሎ። 812 ሲቀነስ 54... 758። ከ800 በታች! ከ800 በታች!! ኮሪደሩ ላይ ጨፈርኩ። የአምሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ካልሲው ውሃ የሚያንጠባጥብ።

ከዚያ ተቀመጥኩ።

ታዲያ ያ ግምታዊ ያለኝ ሰውዬ... ልክ ነበር ማለት ነው? ሳያነብ፣ ሳይመዝን፣ እንዲሁ በአፉ! እኔ ደግሞ አንድ ግራም አያንስም ብዬ ፈርሜያለሁ። እንዲፈቀድልኝ ለእሱ ተሳስቻለሁ ብዬ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ጸሐፊዋ ፊት...

ሌላም መንገድ አለ። ገንዳውን ማሳጠር። አነስ ያለ ገንዳ ነው የምፈልገው ብሎ እንደ አዲስ ማመልከት። ማንም አያውቅም።

መጋቢት 17

ቴፑን ሃያ ሴንቲ አሳጠርኩት።

«ባሕሩ ጎደለ እንዴ?» አለች ልጄ።

ኮራሎቹን በወረቀት ቆርጬ ደረደርኳቸው። ሐምራዊውን የትም ባደርገው፣ ሁለቱ ሲያድጉ በዓመታቸው መልሰው ይገናኛሉ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ሥጋ ሻጩ ሚዛኔ ተሳስቷል ብሎ ራሱ ቢመጣ ምን ታደርገዋለህ?»

«አስተካክዬ እመልስለታለሁ።»

«ትስቅበታለህ?»

«ለምን እስቅበታለሁ? አከብረዋለሁ እንጂ።»

ይህን ብዬ ራሴን ሰማሁት። እሷ ወጥታ ሄደች፤ እኔ ተንበርክኬ ቴፑን ወደ ቦታው መለስኩ።

መጋቢት 21

ደብዳቤውን ጨረስኩ። ግማሽ ገጽ ብቻ። ባለቤቴ አነበበችው።

«ጥፋትህን አምነህም ሰው ታዛለህ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። መብቱም የእኔ ነው።»

ልጄ ከሶፋው ላይ አጨበጨበች። ገንዳውን የሚሠራልኝ ባለ መስታወት ሚያዝያ 1 መቁረጥ ይጀምራል፤ ፈቃዱ እስከዚያ ካልደረሰ ተራዬን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ነገ ጠዋት ራሴ ወስጄ በአስተዳዳሪው እጅ ላይ አስቀምጣለሁ። ከፈለገ ጮክ ብሎ ያንብበው! ግልባጩ ይኸው፦

«መጋቢት 4 ቀን የጻፍኩት 812 ኪሎ ስሕተት ነው። ድንጋዩና አሸዋው የሚይዙትን ቦታ ውሃም እንደያዘው አድርጌ ደርቤ ቆጥሬያለሁ። ስሕተቱን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። ትክክለኛው ክብደት 758 ኪሎ ሲሆን የልኬቱ ሠንጠረዥ ተያይዟል። ይህ በደንባችሁ ከተፈቀደው በታች ስለሆነ የምትከለክሉበት ምክንያት የለም። እስከ መጋቢት 30 ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ፣ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በቃል የሚነገር መልስ አልቀበልም።»