በዘይት ስለ ተቀባው የነሐስ ደረጃ

ለተከበሩ ጓድ ጉልላት፣
በፒያሳ የሚገኘው ሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ፣
አዋሳ

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ደረጃ የሚወጡበት እግርዎ ደህና ይሁንልኝ። እኔ በሆቴሉ መግቢያ ደረጃ ላይ የነሐሱን ጠርዝ የገጠመው የባዬ ባለቤት ነኝ። ባዬ «አሻጥር ሠርቷል» ተብሎ በቀበሌው እስር ቤት ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ስለ ያዘ፣ የውይይት ክበቡም «ሂስ አትፍሩ» እያለ ስለሚያስተምረን፣ ይህችን ደብዳቤ በክበቡ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለጥፍ ትምህርቱ እንደ ገባኝ ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፣ ለሆቴሉ ውበት ስለ ደከሙት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ባለቤቴ የገጠመው ነሐስ እግር እንዳያዳልጥ ቦይ ቦይ የወጣለት ነበር፤ በሎሚና በአመድ ሲወለወልም ደህና አድርጎ ያበራ ነበር። እርስዎ ግን ለአብዮቱ በዓል ከላይ የሚመጡትን እንግዳ አስበው፣ «ሲገቡ ፊታቸውን ሊያዩበት ይገባል» በማለት የሴቶች ማኅበር አባላትን ለዘመቻ ጠሩን። ከኅብረት ሱቅ «አልመጣም» እየተባልን ባዶ ጠርሙስ ይዘን ስንመለስ የከረምንበትን የምግብ ዘይት በጀሪካን አስይዘው ብቅ ሲሉ፣ ብዙዎቻችን ዓይናችንን ማመን አቃተን። ደረጃውን ቀቡ ተባልን፤ ቀባን። ባዬ ዘይት የነካው ነሐስ እንደማይረገጥ በትሕትና ቢያመለክትዎ፣ ለሠራተኛው መደብ ካለዎት አክብሮት የተነሣ ቤቱ ሄዶ እንዲያርፍ አዘዙለት።

ሁለተኛ፣ ምኞትዎ ስለ ሰመረ እንኳን ደስ አለዎት። እንግዳው በማግሥቱ ገቡ፣ አዳለጣቸው፣ ፊታቸውንም በነሐሱ ላይ ከማንም ይልቅ ቀርበው አዩ። ስለ ቁርጭምጭሚታቸው ከልብ አዝኛለሁ።

ሦስተኛ፣ ባዬ ብሎኖቹን ሆን ብሎ አላልቶ እንደ ገጠማቸው እርስዎ ሪፖርት አድርገዋል ሲባል ሰማሁ። ብሎኖቹ ዛሬም እንደ ጠበቁ ናቸው፤ ከቦታው የተነቃነቀ ነሐስ የለም፤ ዘይቱ ተረግጦ ካለቀ ወዲህም የወደቀ ሰው የለም። ስለ ጀሪካኑ ግን ሪፖርቱ ምንም አይልም አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ የእኔ ችግር ዳውላው የልጆቼ አባት መሆኑ ነው።

ጓድ ጉልላት፣ የምቀልድ መስሎዎት እንዳይቀየሙኝ፤ እፈራለሁ። የባዬን ምሳ እስር ቤት አድርሼ ሳህኑ ባዶውን እስኪመለስልኝ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያመጡት ምግብ እንዳለ ተመልሶላቸው፣ ምንም ሳይነገራቸው ወደ ቤት የሄዱ ሴቶች አይቻለሁ። እስከ ዛሬ የእኔ ሳህን ባዶውን ተመልሷል። የነገውን አላውቅም፤ እርስዎ አንድ እውነተኛ ቃል ቢናገሩ ግን ባዬ እቤቱ ይበላ ነበር።

እርምጃዎ ሁልጊዜ በደረቅ መሬት ላይ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጓዳዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ወንጌላዊት፣ የባዬ ባለቤት

የተረሳ ነገር፦ ደረጃውን የቀባሁበት ጨርቅ ሳይታጠብ እቤቴ ተቀምጧል፤ እስካሁን እጅ ያወዛል። መርማሪው ለማስረጃ ከፈለጉት ሰው ይላኩ፣ አስረክባለሁ። ካልፈለጉት ግን ጨምቄ ለባዬ ወጥ እሠራበታለሁ፤ የታሰረበትን ነገር ቀምሶ ይወቀው።