የባለቤቴ ሳቅ ከደጃፍዎ ይውረድልኝ

ለተከበሩ የሳንባ ጨረር ሕክምና ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ሁለቱ ሳንባዎችዎ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አያጥረኝም፣ ስስቅም ሳል አይቀድመኝም። ይህን ያህል ጤና ይዤ እርስዎን ማስቸገሬ ነውር እንዳይሆንብኝ ማንነቴን ላስተዋውቅ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የሰው አቤቱታ በታይፕ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» የሚለውን ጣቶቼ እኔን ሳያማክሩ ይጽፉታል። ለራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ የትሕትናው መጠን ከተለመደው ቢያንስ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ጉዳዬ አንድ ነው። ከማዕከልዎ የመስታወት በር በስተቀኝ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ፎቶ ተሰቅሏል። ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ የተሰካለት ሰው ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል፤ ከሥሩም «የሳንባዬ ጠባሳ በሌዘር ለቀቀኝ» የሚል ጽሑፍ አለ። ሰውየው ባለቤቴ ነው። ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ የሥራ ጓደኞቹ በድምፁ ውፍረት የተነሳ ጎርናናው ይሉት ነበር። ሞቷል። ፎቶው እንዲወርድልኝ በታላቅ ትሕትና እያመለከትኩ፣ ምክንያቶቼን እንደ ሥራዬ ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ባለሙያዎ አንደበት ላመስግን። የመንግሥት ሆስፒታሉ የደረት ሐኪም የድንጋይ ብናኝ ሳንባው ላይ ጠባሳ እንዳደረገበት፣ ጠባሳው እንደማይለቅ፣ ነገር ግን መባባሱን የሚያዘገይ ኪኒን እንዳለና ከብናኝ መራቅ እንደሚገባው ፊት ለፊት ነግሮን ስለነበር ሁለታችንም ጠላነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይወዳል? የእርስዎ ባለሙያ ግን ቀዩ ብርሃን በደረት ቆዳ አልፎ ጠባሳውን እንደ አሸዋ ወረቀት እየፋቀ እንደሚያነሳው አስረዳን። ለድንጋይ ጠራቢ የአሸዋ ወረቀት ምሳሌ መምረጡ እንዴት ያለ አሳቢነት ነው! ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ሻካራውን ሲያለሰልስ ኖሯልና ነገሩ ወዲያው ገባው። አስከትሎም ኪኒንና ጨረር ስለማይስማሙ ኪኒኑን እንዲተው መከረው፤ እርሱም ተወው።

፪. ስለ አሠራርዎ ጥራት ደግሞ ለብቻው ማመስገን ይገባኛል። ሊፍቱ ለዕቃ ብቻ ስለተፈቀደ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ታካሚዎችዎ ሁሉ ጨረሩ ወዳለበት ሦስተኛ ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ። ባለቤቴ የደረጃውን ብረት እየተደገፈ፣ በየመታጠፊያው እየቆመ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ሲደርስ፣ ነርሷ በሩ ላይ ተቀብላ መለኪያውን ጣቱ ላይ ትሰካና የታየውን ቁጥር «ከሕክምና በፊት» ብላ ትመዘግባለች። ከዚያ ንጹሕ አልጋ ላይ ይጋደማል፣ ቀዩ መብራት ደረቱ ላይ ይበራል፣ እንቅልፍም ሸለብ ያደርገዋል። ሲነቃ እንደገና ይለካል። «ከሕክምና በኋላ» የተባለው ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነበር፤ እኛም ወደ ቤት የምንመለሰው ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ እንደ አዲስ ሙሽሮች እየተሳሳቅን ነበር። ፎቶውን ያነሳችሁት ከነዚያ ቀኖች በአንዱ ነው። ሳቁ የእውነት ነበር፤ እሱን አልክድም።

፫. መብራት ኃይልን ላመስግን ወይስ እርስዎን፣ ይህ ግራ ገብቶኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተርዎም ነዳጅ አልቆበት ኖሮ ዝም አለ። ጠብቁ ተባልን። ባለቤቴ እንደ ልማዱ አልጋው ላይ ተጋደመ፣ የጨረሩ ማሽን ከጎኑ እንደ ተዘጋ ቴሌቪዥን ቆመ፣ መብራቱም ሳይመጣ ሰዓታችን አለቀ። ነርሷ እጇ ለምዶባት መለኪያውን አምጥታ ጣቱ ላይ ሰካችው፤ እሱ በባትሪ ነው የሚሠራው። ቁጥሩ እንደ ወትሮው ከፍ አለ። «እሰይ ጋሼ! ዛሬማ ከወትሮውም ይበልጣል!» አለች፤ ከልቧ ነው፤ መዘገበችውም። ክቡር ሆይ፣ ባልበራ ጨረር ሰው ያዳነ ማዕከል ይመራሉና እንኳን ደስ አለዎት። ባለቤቴ መለኪያውን ከጣቱ ነቅሎ መለሰላት። ደረጃውን ስንወርድ ብረቱን ይዞ ቆመና «ለካ ሲያክመኝ የከረመው አልጋው ነው። እሱማ እቤትም አለኝ» አለ። ቀልዱ የእርሱ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣም።

፬. ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። ሐኪሙ አልተቆጣንም፤ ቢቆጣን ይሻለን ነበር። የደረቱን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስቶ አየውና አስቀመጠው። ኪኒኑ ያድነው ነበር አልልም፤ ሐኪሙም እንዲያ አላለም። ጊዜ ግን ይሰጠው ነበር። ያ ጊዜ የባለቤቴ ብቻ ሳይሆን የኔም ነበር፤ እናንተ ዘንድ ደረጃ ስንወጣ አለቀ። ከድንጋይ መፍለጫው ማዶ ሆኖ ሰው ሲጠራ ሰፈር የሚሰማው ጎርናናው፣ በመጨረሻ ውሃ ለመጠየቅ ድምፅ አጥቶ ብርጭቆውን በጥፍሩ ይመታልኝ ነበር። መጋደም ስለማይችል የሞተው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ንዴቴን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ ተናድጃለሁ፣ ብዬ ብቻ ልለፈው።

፭. ይህ የመጨረሻው ነው፤ የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ባለቤቴ ታናሽ ወንድም አለው፤ እዚያው ድንጋይ ጠረባ የሚሠራ፣ የሚስለውም ያንኑ ሳል። ሐኪሙ ኪኒን ጀምሮለት ነበር። አሁን ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ የእርስዎን ደረጃ ይወጣል። ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ አለቀስኩ። «እትዬ፣ እሱ እኮ ዘግይቶ ጀምሮ ነው፤ አንተ ቶሎ ደርሰህበታል ብለውኛል» አለኝ። ሞቷል እኮ ብዬ ብንጨረጨር፣ ክንዴን ይዞ እናንተ በር ላይ ወሰደኝና ፎቶውን አሳየኝ። «እስቲ እዪው፤ በዚያ ዓመት እንዲህ ሲስቅ ሌላ ቦታ አይተሽዋል?» አለኝ። አላየሁም ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እኔ ስናገር የማይሰማኝ ሰው ግድግዳዎን ይሰማል። ማዕከልዎን ይዝጉ አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከአንዲት ታይፒስት አይጠበቅም። ማሽንዎን ይስበሩም አላልኩም፤ ያለ መብራትም እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁና ሀብት ነው። የምለምነው ሟች ባሌ ታናሽ ወንድሙን በፈገግታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ መጥራቱን እንዲያቆም ብቻ ነው።

የሟች ታካሚዎችን ጤንነት ለሕዝብ በማሳወቅ ስለሚያደርጉት ያልተቋረጠ ጥረት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ጥርት ያለ አየር፣ ሊፍት ያለው መኖሪያና ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ።

ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣
የደጃፍዎ ጌጥ ሚስት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ወደ ቢሮዎ ደውዬ ነበር። ጸሐፊዎ በጣም ትሑት ልጅ ናት፤ «እናቴ፣ ፎቶ የሚወርደው ባለፎቶው ራሱ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ነው፤ አሠራራችን ነው» አለችኝ። አሠራር ይከበራል። ባለፎቶው ግን መምጣት ስለማይመቸው፣ ቅጹን ይዞ ወደ እርሱ የሚሄድ ሠራተኛ ቢመድቡልኝ ውለታዎን አልረሳም። ቦታውን ታናሽ ወንድሙ ያውቀዋል፤ ነገ ለጨረሩ ሲመጣ እርስዎ ራስዎ ይጠይቁት። አፈሩን የመለሰበት እሱ ነው።